የሚነገር ቁጥርና የማይነገር ቁልፍ

«ጤና ይስጥልን፤ ከቴሌ ነው የምንደውልልዎ። አሁን ስልክዎ ላይ ቁጥር ይገባል፤ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ።» ሰበቡ ይለዋወጣል። አንድ ጊዜ ሽልማት ደርሶዎታል ነው፣ ሌላ ጊዜ በስሕተት የገባልሽን ገንዘብ መልሺልኝ ነው፣ ሲብስም ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው ይባላል። የሚፈለገው ግን ሁልጊዜ ያችው በአጭር መልእክት የገባች ቁጥር ናት። ሌባው በር አልሰበረም፤ ሲስተም ሰርስሮም አልገባም። ጠየቀ፣ ተነገረው።

ደብረ ሲና ላይ የነገሩን ሥር ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ከተማዋ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ቆሎ ሻጮቹም ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ። ድሮ «ዝርዝር የለኝም» ተብሎ የሚፈርሰው ገበያ ዛሬ «ቴሌብር አለሽ?» ተብሎ ይቀጥላል። ሻጯ ስልክ ቁጥሯን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ የአይሱዙው ሞተር ስለሚያጓራ ትደግመዋለች። ሹፌሩ ይልካል፣ እሷ መልእክቱ መግባቱን አይታ ቆሎውን ታቀብላለች። ያ ጮክ ተብሎ የተነገረው ቁጥር የቴሌብር ሒሳቧ መለያ ነው። ቀኑን ሙሉ ለማታውቀው መንገደኛ ሁሉ ስትናገረው ትውላለች፤ ሥራዋ ነውና ልትደብቀውም አትችልም። ከሌባ የሚሰወር የቀራት ነገር ፒኗና በመልእክት የሚመጣው ኮድ ብቻ ነው። ሁለቱም ደግሞ በአፍ የሚነገሩ ናቸው።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2015 የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ተከተለው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ሲደረግ፣ ስልኩን ለወሬና ለሬዲዮ ብቻ ይዞት የነበረው የጭነት መኪና ሹፌርም ወደዚሁ ገባ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳም ባለ መታወቂያውን በርቀት ለማረጋገጥ ሲፈልግ ኮድ የሚልከው ወደ ተመዘገበው ስልክ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ባንኩም፣ መታወቂያውም፣ ፌስቡኩና ቴሌግራሙም አንዲት ሲም ካርድ ላይ ተንጠለጠለ።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው አሠራር መነሻ ሐሳቡ ጥሩ ነው። በየገጠሩ ያሉ የቁጠባ ቡድኖች ይህን ያውቁታል፤ ሣጥናቸው ሦስት ቁልፍ አለው፣ ቁልፎቹም በሦስት አባላት እጅ ናቸው፣ ሁሉም ካልመጡ አይከፈትም። በመግቢያም እንዲሁ ሰው የሚያውቀው ምስጢር ብቻውን እንዳይበቃና በእጁ የያዘው ነገር እንዲጨመርበት ነው የታሰበው። «በእጅ የተያዘው» ሲም ካርዱ ነው ተባለ። ነገር ግን ሲም ካርዱ ራሱ ወደ በሩ አይመጣም፤ የሚመጣው በእሱ በኩል የደረሰው ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ይነበባል፣ ይገለበጣል፣ በስልክ ይነገራል። የተያዘው ነገር ተመልሶ የሚታወቅ ነገር ሆነና አረፈው።

ይህ ድካም የታወቀው ዛሬ አይደለም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ረቂቅ የአጭር መልእክት ኮድ ቀስ በቀስ እንዲቀር ሐሳብ አቅርቦ፣ በዓመቱ በመጨረሻው ሰነድ ላይ «በጥንቃቄ የሚፈቀድ» አድርጎ አለዝቦታል። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. የትዊተር መሥራችና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጃክ ዶርሲ ስልክ ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ስለገባ ብቻ በራሱ ድርጅት ገጽ ላይ ሌሎች በስሙ ጻፉ። ያም ሆኖ የአጭር መልእክትን ኮድ ጨርሶ መናቅ አይገባም። ጎግል ከኒው ዮርክና ከካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ኮዱ በጅምላ ከሚላክ የማጭበርበሪያ መልእክት 96 በመቶውን፣ ሰው ለይቶ ከሚመጣው ጥቃት ደግሞ 76 በመቶውን እንደሚመክት አሳይቷል። ከባዶ የይለፍ ቃል እጅግ ይሻላል። ይሁንና በዚያው ጥናት የደኅንነት ቁልፍ የተባለውን መሣሪያ የተጠቀሙት ሰዎች በሁለቱም ረድፍ 100 በመቶ ነው የተመዘገበላቸው።

ቁልፉ ሲታይ ትንሽ ፍላሽ ነው የሚመስለው፤ ከበር ቁልፍ ጋር ማንገቻ ላይ የሚገባ፣ ባትሪ የሌለው፣ ፋይል የማይጫንበት። የይለፍ ቃል ተጽፎ ካለቀ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ መሐሉ ላይ ያለችው ክብ ብረት ብልጭ ብልጭ ትላለች። በጣት ሲነኳት መብራቷ ይጠፋል፣ ገጹ ይከፈታል። ከዚህ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም፤ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ስድስት አኃዝ እያዩ መገልበጥ ቀረ ማለት ነው። በማስጠጋት የሚያነበው ኤንኤፍሲ ባለው ስልክ ከሆነ ጀርባው ላይ ማስጠጋት ይበቃል።

ውስጡ የሚሆነው ግን ከዚህ ይበልጥ ይማርካል። ቁልፉ መጀመሪያ ሲመዘገብ ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ የሚሆኑ ሁለት ተጣማሪ ቁጥሮችን ይወልዳል። አንዱን ለድረ ገጹ ይሰጣል፤ ሌላው ከብረቱ አይወጣም፣ ባለቤቱም ቢሆን አያየውም። በየመግቢያው ድረ ገጹ አዲስ ጥያቄ ይልካል፣ ቁልፉም በደበቀው ቁጥር ይፈርምበታል። ዋናው ነገር ፊርማው ውስጥ አሳሹ የሚያየው የድረ ገጹ ትክክለኛ አድራሻ መግባቱ ነው። አጭበርባሪው የባንክን ገጽ ቁርጥ አስመስሎ ቢሠራ፣ አድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ቢለውጥ፣ ሰው ይታለላል፤ ቁልፉ ግን ለዚያ አድራሻ የሚሰጠው ፊርማ የለውም። ደዋዩ «ቁጥሩን ንገሪኝ» ቢልም የሚነገር ቁጥር የለም። አንብቢልኝ ቢላት ምኑን ታነብለታለች?

ይህ በተግባር የተፈተነበትን አንድ ታሪክ በዝርዝር ማንሳት ይገባል። ሐምሌ 20 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ክላውድፍሌር በተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ውስጥ ቢያንስ 76 ሠራተኞች በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልእክት ደረሳቸው፤ የሥራ ፈረቃችሁ ተቀይሯል፣ ገብታችሁ እዩ የሚል። ማስፈንጠሪያው የሚወስደው የድርጅቱን መግቢያ ወደሚመስል ገጽ ነው፤ አድራሻው የተመዘገበው ከ40 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አስቀድሞ ነበር። ሦስት ሠራተኞች አምነው የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ። ልብ በሉ፣ የሚሠሩት በደኅንነት ሥራ በሚተዳደር ድርጅት ውስጥ ነው፤ መታለል የትምህርት ማነስ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ሌቦቹ የትም አልደረሱም፤ ድርጅቱ ከሁሉም ሠራተኛ የሚጠይቀው ቁልፍ ነውና። በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ ዘዴ የተጠቃው ትዊሊዮ ግን በዚህ አልተረፈም፣ የደንበኞቹ መረጃ ተነካ። ጎግልም ከ85,000 በላይ የነበሩ ሠራተኞቹን ከ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ቁልፍ አስይዞ፣ በዓመቱ መለስ ብሎ ሲያይ በማጭበርበሪያ ገጽ የሥራ አካውንቱን የተነጠቀ አንድም አላገኘሁም ብሏል።

የቁልፉ ታሪክ ረጅም አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ የተመሠረተው ዩቢኮ ከጎግል ጋር ሆኖ ሠራው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በይፋ የወጣው ፊዶ አሊያንስ የሁሉም ደረጃ እንዲሆን አደረገው፤ በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ በአሳሾች ውስጥ እንዲገባ አጸደቀው። ዛሬ ጎግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክ፣ ኤክስና አፕል ይቀበሉታል።

የቁልፉ ምቾት ለእኛ አገር ሌላ ትርጉምም አለው። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ከዚያም በፊት በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ መብራቱም ስልኩም አብሮ የጠፋበትን ጊዜ የይፋት ሰው አይረሳውም። የመስመር ኢንተርኔት ያለበት ቢሮ ተገኝቶ ኮምፒውተር ቢከፈት እንኳ፣ ኮዱ በአየር ካልመጣ አካውንቱ አይከፈትም። ቁልፉ ግን ኔትወርክም ሆነ ቻርጅ አይጠይቅም። ከአሜሪካ ለበዓል ወደ ዘመዱ የመጣ ሰውም ይህን ችግር ከሌላ አቅጣጫ ያውቀዋል፤ ኮዱ የሚሄደው ብዙ ጊዜ እዚህ ወደማይሠራው የአሜሪካ ቁጥሩ ነው። ውጭ የሚኖር፣ የአገር ቤት ባንክ ሒሳብ ያለው ደግሞ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን የኢትዮ ቴሌኮም ሲም እያሰበ ይቆጫል።

እንግዲህ ይህን ያህል ከተወደሰ ለምን አልተስፋፋም? መልሱ ከዋጋ ይጀምራል፣ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። የዩቢኮ ርካሹ ቁልፍ 30 ዶላር ገደማ ነው፣ ብዙ ዓይነት ሥራ የሚሠራው ከዚያ ይበልጣል። ቢጠፋ ውጭ ላለመቅረት ሁለት መግዛት ግድ ነው፤ አፕል እንዲያውም ሁለት ካልተመዘገበ ጨርሶ አይቀበልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ብርሃን ያለ የስልክ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ቁልፍ ቢጠየቅ የሚያወጡልዎ ፍላሽ ነው። የሚገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ቢገኝ ደግሞ በብዙው ሰው እጅ ባለው ርካሽ የቴክኖ ወይም የአይቴል ስልክ ላይ ኤንኤፍሲ አይኖርም፤ የዩኤስቢው ጫፍ ዓይነትም አለመግጠሙ አለ፣ ማገናኛ ሌላ ወጪ ነው።

ይህ ሁሉ ይፈታ እንበል። ትልቁ እንቅፋት ያለው ከወዲያ ማዶ ነው፤ ቁልፉ ተይዞ ቢኬድም የሚገባበት በር የለም። የእኛ ሰው ገንዘብ ያለው በቴሌብርና በባንክ ሒሳብ ነው። እነዚህ ለተራ ደንበኛ የሚያውቁት ፒንና ኮድን ነው። ብዙው ሰው ደግሞ የሚጠቀመው መተግበሪያውን እንኳ ሳይሆን ኮከብ 127 መሰላልን ወይም የንግድ ባንኩን 889 ደውሎ ነው። በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ቁልፍ የሚሰካበት ቦታ የለም። ስለዚህ ለቆሎ ሻጯ ቁልፍ ግዢ ማለት አሁን ባለው ሁኔታ ቀልድ ነው፤ የምክሩ ባለቤት ወይ ነገሩን አያውቅም ወይ ሻጭ ነው።

ታዲያ በዚህ አካባቢ ቁልፍ የሚጠቅመው ማነው? የእኔ መልስ፣ የብዙ ሰው ነገር በአንድ ኢሜይል ላይ ያረፈበት ሰው ነው። የይፋትን ማሾ አስቡ። ከቀወትና ከኤፍራታና ግድም የሚሰበሰበው ማሾ ወደ ምርት ገበያ ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ህንድ፣ ወደ ኢንዶኔዥያና ወደሌላውም ይላካል። የላኪውና የገዢው ውል፣ የጭነት ሰነዱ፣ የባንክ ቁጥሩ የሚመላለሰው በኢሜይል ነው። ሌባው ኢሜይሉ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ያነባል፣ ክፍያው ሲቃረብ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል አንድ ደብዳቤ ይልካል። ገንዘቡ ይሄዳል፤ ላኪና ገዢ ሲካሰሱ ወራት ያልፋል። ለአሜሪካው ኤፍቢአይ በእንዲህ ያለ የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር በ2023 እ.ኤ.አ. የቀረበለት የጉዳት አቤቱታ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ነው። ለአንድ ላኪ 60 ዶላር የሚያወጡ ሁለት ቁልፎች ከዚህ አንጻር ወጪ አይባሉም። ብዙ ተከታይ ያለውን የፌስቡክ ገጽ የሚመሩ፣ ጋዜጠኞች፣ የዕርዳታ ድርጅት ሒሳብ ሹሞችም እዚሁ ረድፍ ውስጥ ናቸው።

ሌላው፣ ማንም የማያስበው፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። በየወረዳ ከተማው መናኸሪያ አጠገብ ያለ፣ ማመልከቻ የሚተይብ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ፣ የዲቪ ምዝገባ ሲከፈት የሚሞላ ቤት። ኢሜይል የሌለው ደንበኛ ሲመጣ ልጁ ጂሜይል ይከፍትለታል፤ ማረጋገጫው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ ልጁ ስልክ ነው፣ የይለፍ ቃሉም ሽፋኑ በተቀደደ ደብተር ላይ ከስሙ ጎን ይጻፋል። ከወራት በኋላ ባለ ዕድሉ ተመልሶ ሲመጣ አካውንቱ የማን ነው? እንደ ኩባንያው አስተሳሰብ ስልኩ የተመዘገበለት ሰው ነው ባለቤቱ። እዚህ ቤት ክፋት አላየሁም፤ አገልግሎት ነው፣ ያለ እነሱ የብዙ ሰው ጉዳይ አይሄድም። ነገር ግን ደብተሩ አንድ ቀን ቢጠፋ የመንደሩ ግማሽ ይጋለጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ቁልፍ የያዘ ሰው የይለፍ ቃሉ ቢቀዳበት እንኳ አይደፈርም፤ ከአካውንቱ ሳይወጣ ኮምፒውተሩን ትቶ ከሄደ ግን ቁልፉ ኪሱ ውስጥ መኖሩ አያድነውም።

ቁልፉ የማያደርገውንም መናገር ያስፈልጋል፤ ሻጮች ይህን ክፍል ቶሎ ያልፉታልና። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች፣ በጊዜው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ይመሩ የነበሩት ጃዋር መሐመድ ጭምር፣ የቪዲዮ ማስፈንጠሪያ በኢሜይል ይላክላቸው እንደነበር ገልጿል። ሲከፍቱት ፍላሽ ማጫወቻውን አድሱ ይላል፤ ያደሰ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የእስራኤሉን የሳይበርቢት ስለላ ፕሮግራም ይጭናል። ከዚያ ቀደም በ2014 እ.ኤ.አ. የኢሳት ጋዜጠኞች በሌላ ኩባንያ ፕሮግራም መጠቃታቸውን ያው ተቋም አውጥቶ ነበር። መሣሪያው ራሱ ከተያዘ ቁልፉ በሩን በሚገባ ይጠብቃል፣ ሰላዩ ግን ቤት ውስጥ ነው።

የንግድ ባንኩም ጉዳይ አለ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ ኋላ የገለጸው መጠን 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ያ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፣ የሲስተም ማሻሻያ ስሕተት ነው። ሁሉም የገባው በገዛ ፒኑ ነው። ስልኩን ከነፒኑ በጉልበት በሚቀማ ዘራፊ ፊትም ቁልፍ ምንም አይልም። ስለ ቁልፉ የራሱ ጉድለት ግን እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር የለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ኒንጃላብ የዩቢኪ 5ን የቆዩ ቁልፎች ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ለዚህ ቁልፉን በእጅ ማስገባት፣ መክፈትና ወደ 11,000 ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ ያስፈልጋል። የመንገድ ሌባ ይህን አያደርግም።

ኩባንያዎቹ አሁን የሚገፉት ፓስኪይ የተባለውን ነው፤ ያው የቁልፍ አሠራር፣ ብረቱ ቀርቶ ስልኩ ራሱ ቁልፍ የሚሆንበት። አፕል፣ ጎግልና ማይክሮሶፍት በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. በጋራ ከተስማሙበት ወዲህ አንድሮይድ 9ና ከዚያ በላይ ያለው ስልክ ሁሉ ይችለዋል። ክፍያ የለውም፣ ከውጭ አይመጣም፣ የሐሰት ገጽን አድራሻ እንደ ቁልፉ ያውቃል። ለብዙው ሰው ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል። የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ነው፤ ፓስኪይ የሚከፈተው በስልኩ መክፈቻ ነው፣ በብዙ ቤት ደግሞ አንድ ስልክ የቤተሰብ ነው። ልጆቹ የእናታቸውን የስክሪን መክፈቻ ከእሷ ይልቅ በፍጥነት ይሥላሉ።

በቁልፍም በፓስኪይም ዓለም ሁሉ የሚቸገርበት ቦታ መልሶ ማግኛው ነው። ቁልፌ ጠፋ ላለ ሰው ኩባንያው ምን ይጠይቀው? በብዙ አካውንት ላይ መልሱ፣ በአጭር መልእክት ኮድ እንላክልህ ነው። ሌባው ዋናውን በር ትቶ በዚህ ይገባል። ጎግል ለከፍተኛ ጥበቃ በሚሰጠው ፕሮግራም ይህን መንገድ ስለሚያጠብብ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ቀናት ሊጠብቅ ይችላል። ባለ ጉዳዩን በአካል አይቶ የሚያውቅበት መስኮት የለውማ። የእኛ ባንኮች ግን አላቸው። ደብረ ሲናም ሸዋ ሮቢትም ቅርንጫፍ አለ፤ ፋይዳ ያለው፣ ፊቱ የሚታይ፣ አሻራው የሚነበብ ደንበኛ መስኮቱ ፊት ቆሞ ስልኬ ጠፋ፣ አዲሱን መዝግቡልኝ ማለት ይችላል። ፓስኪይን በመተግበሪያው ለማስገባት የሚያመነታ ባንክ ቢኖር ይህን ያስብ፤ ሌላው ዓለም የተቸገረበት መልሶ ማግኛ እዚህ በአንድ ሰልፍ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለት ቁልፍ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ለገንዘብ ያዡ መግዛት ይቻላል፤ የደንበኛው ፒን የሚቀየረው በቅርንጫፉ ነውና።